በጎረቤት የመሠረት ቁፋሮ ለተሰነጠቀ ቤት ይርጋው (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?

የሕግ ባለሙያዎች፣ አንድ ነጥብ ላይ ቆሜያለሁ። ጎረቤት ለፎቅ መሠረት ከአጥራችን 1.5 ሜትር ርቆ 6 ሜትር ያህል አስቆፈረ፤ አፈሩ ድጋፍ አልተደረገለትም። ሐምሌ 2015 ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። በ2016 ክረምት አፈሩ ሲንሸራተት ግን ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሆነ፣ የሳሎኑ በርም አልዘጋ አለ።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ካሳ ጠያቂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል። ክሱ የገባው ነሐሴ 2017 ነው። ተከሳሽ ከመጀመሪያዋ ስንጥቅ ቆጥሮ የይርጋ መቃወሚያ አቅርቧል። የክረምቱን ጉዳት እንደ አዲስ ጉዳት ለይቶ መከራከር ያስኬዳል? መሐንዲሱ ሪፖርት ላይ ሁለቱን በቀንና በፎቶ ቢለያቸው ይበቃል?

ሌላው፣ ተከሳሹ ጎረቤት «ያጠፋው ተቋራጩ ነው» ይላል። ቁጥር 2134 ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አሠሪውን ነፃ ያወጣል፤ ስለዚህ ክሱን በጥፋት ላይ ብቻ ማቆም አደገኛ ይመስለኛል። ቁጥር 2069 የመሬትን ተፈጥሯዊ ሁኔታ መለወጥን ያለ ጥፋት ከሚያስጠይቁት ውስጥ ይቆጥራል። ተራ የመሠረት ቁፋሮ እዚህ ይገባል? የሰበር ችሎት ውሳኔ የሚያውቅ የታተመበትን ቅጽና የመዝገብ ቁጥሩን ቢጠቁመኝ።