ለአዲስ ቤት የውሃ ማጣሪያና ኢንተርኔት ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አዲስ ቤት ልንገባ ነው፤ ሁለት ነገር ግን አላስወስን ብሎኛል።

ውሃው ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሆነ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የሚመጣውም በፈረቃ ነው፤ ሮቶ ባይኖረን ጉዳችን ነበር። ሻጩ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በጣም ስስ በሆነ ወንፊት የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ግዛ ይለኛል። ጨዉንም ፍሎራይዱንም እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ነገር ግን እያጣራ የሚደፋው ውሃ ብዙ ነው፤ ግፊትም ስለሚፈልግ ፓምፕ ልጨምር ነው። እንዲህ እየተጠበቀ ለሚመጣ ውሃ ቅንጦት አይሆንም? ውሃ አጋር (ክሎሪኑ) ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ ጨው አይነካም። ለመጠጥ ብቻ ትንሿን ማጣሪያ ወጥ ቤት ላስገጥምና የሌላውን ቧንቧ ውሃ እንዲሁ ልተወው? ወይስ መጀመሪያ ውሃውን ላስመርምር? የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወጪው ይቀርልኛል።

ኢንተርኔቱ ላይ፦ ባለቤቴ ከቤት ነው የምትሠራው፤ ፋይበር ሰፈራችን ገና አልገባም። የፎርጂ ራውተር አስበናል። ግቢ ውስጥ ኔትወርኩ ጥሩ ነው፣ ሳሎን ሲገባ ይሞታል (ቆርቆሮው ይመስለኛል)። ውጭ የሚሰቀል አንቴና የሞከረ አለ? በዚያ በኩል የምትኖሩ፣ ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም ማታ ማታ የትኛው ይሻላል? መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪም ጠቁሙኝ።