በቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያ ደጋ የነጮቹን እርሻ ያገለገሉት ባለሙያዎችና ባለሱቆች እነማን ነበሩ?

መንገደኛው ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለሥራ ከናይሮቢ ወደ ናኩሩና ኤልዶሬት እመላለሳለሁ። በመንገዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ከተሞች አሮጌ ሰፈራቸው አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ ግራና ቀኝ ቆርቆሮ የለበሱ ሱቆች፣ ፊት ለፊታቸው በረንዳ። አንዳንዱ ሱቅ ግንባሩ ላይ የሕንድ ስምና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾበታል።

ስለ ነጭ ሰፋሪዎቹ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ፈረሳቸው፣ ስለ ክለባቸው፣ ስለ አደናቸው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ያን ሁሉ መሬት የያዘ ሰው ማረሻው ሲሰበር ማን ይጠግንለት ነበር? ሚስማርና ላምባ ከማን ይገዛል? የሠራተኞቹን እህልስ ማን ይፈጫል? ደግሞ ሕንዶች እዚያ የእርሻ መሬት መያዝ ተከልክለው ነበር ይባላል፤ ታዲያ እንዴት በየከተማው ሱቅ ከፈቱ? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

የታሪክ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ነገሩ ከባቡሩ ይጀምራል። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያለውን ሐዲድ ከ1896 እስከ 1901 ሲዘረጉ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ከሕንድ አመጡ። አብዛኛው ውሉን ጨርሶ አገሩ ገባ፣ ከ6 ሺህ በላይ የሚሆነው ግን እዚያው ቀረ። ከቀሩት ውስጥ አናጢው፣ ግንበኛው፣ ቀጥቃጩ ብዙ ነበር፤ በተለይ ከፑንጃብ የመጡት ሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) በእጅ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ባለሱቆቹ ግን በብዛት ሌሎች ናቸው። ከምዕራብ ሕንድ፣ ከጉጃራትና ከኩች፣ በራሳቸው ወጪ ባሕር ተሻግረው የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ከሁሉም ስሙ የገነነው አሊዲና ቪስራም ነው። ሐዲዱ በሄደበት ሁሉ እየተከተለ ሱቅ ከፈተ፣ እስከ ኡጋንዳ ድረስ። በ1916 ነው የሞተው።

የመሬቱን ነገር ትክክል ሰምተሃል። በ1908 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ኤልጂን የደጋው የእርሻ መሬት ለሕንዶች እንዳይሰጥ የሚለውን አቋም አጸደቀ። በ1923 የወጣው የመንግሥት ሰነድ ደግሞ በከተሞች ውስጥ በዘር ለያይቶ ማስፈርን ሲተው ደጋውን ግን ለነጮች እንዳስቀረ ቀጠለ። እንግዲህ ሕንዱ ከተማ ውስጥ ቦታ ይዞ ሱቅ መሥራት ይችላል፤ ከከተማው ወሰን ወጥቶ ግን በደጋው ማሳ መግዛት አይችልም። ነጩ በ1915 ሕግ ለ999 ዓመት የሊዝ መሬት ሲያገኝ ማለት ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ኤልዶሬት ያለሁት፦

ስለ ኤልዶሬት እኔ ልናገር። ከተማዋ የቆመችው ቁጥር 64 በተባለ የእርሻ ቦታ ላይ ነው፣ ሽማግሌዎች አሁንም «ሲሲቦ» ይሏታል፣ «ሲክስቲ ፎር» (ስልሳ አራት) ለማለት ነው። በ1908 ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ቦሮች (የደች ዝርያ ያላቸው ነጭ ገበሬዎች) ከናኩሩ ተነስተው በበሬ ጋሪ ወደዚህ ወጡ። ፖስታ ቤት በ1910 ተከፈተ። የዛሬውን ስሟን ያገኘችው በ1912 ነው፣ ባቡር የገባው ግን በ1924።

እስከዚያ ድረስ ዕቃ ሁሉ፣ ማረሻው፣ ቆርቆሮው፣ ስኳሩ፣ ከሎንዲያኒ ባቡር ጣቢያ በበሬ ጋሪ ነበር የሚመጣው። በክረምት ጭቃው ጋሪውን ውጦ ሰው መንገድ ላይ ሳምንታት ይቆይ ነበር። ከቦሮቹም ብዙዎቹ መሬታቸው ገና ስለማያበላቸው በጋሪ ዕቃ በማመላለስ ነበር የሚተዳደሩት።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለ አገር መንኮራኩር የሚያድስ ሰው ምን ያህል እንደሚፈለግ አስበው። በበጋ እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ዙሪያውን ያሰረው ብረት ይላላል። ቀጥቃጩ ብረቱን አውጥቶ ያሳጥረዋል፣ በእሳት ያግለዋል፣ እንደጋለ እንጨቱ ላይ ያጠልቀውና ቶሎ ውኃ ያፈስበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። በጣም ሞቀ ከተባለ እንጨቱ ይቃጠላል፣ ቀዘቀዘ ከተባለ አይገባም፤ ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጭነት መኪና ሲመጣ እነዚሁ ባለሙያዎች ወደ ጋራዥ ሥራ ገቡ፣ ባሌስትራ መጠገን፣ የመኪና አካል መሥራት። የእጅ ሙያቸው ስላለ አልተቸገሩም።

እህል ላልከው፣ የነጭ ሰፋሪዎቹ መሪ ሎርድ ዴላሜር በ1908 ንጆሮ ላይ የዱቄት ፋብሪካ አቋቁሟል፣ ኡንጋ የሚባለው። ያ ለስንዴው ነው። የሠራተኛው ቀለብ የበቆሎ ዱቄት ነበር፣ ፖሾ የሚሉት። እሱን የሚፈጩ ትንንሽ ወፍጮ ቤቶች በየቦታው ነበሩ፣ ብዙዎቹም የሕንዶች ናቸው።

አስቴር ዘናይሮቢ፦

የተባለው ጥሩ ነው፣ ግን ሁላችሁም አፍሪካዊውን የረሳችሁት መሰለኝ። ወናፉን የሚነፋው፣ በሬውን የሚነዳው፣ ግድግዳውን ከግንበኛው ጋር የሚያቆመው ማን ነበር? ከጊዜ በኋላ ፉንዲ (በስዋሂሊ ባለሙያ) እየተባለ በየመንደሩ በር፣ መስኮትና አልጋ የሠራው እኮ በእነዚያ ጋራዦችና በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ሙያ የለመደው ኪኩዩ፣ ካምባ፣ ሉኦና ሉህያ ነው።

ሱቅ ልክፈት ሲል ደግሞ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶበት ነበር። ለአፍሪካዊ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ዕዳውን በፍርድ ቤት ማስከፈል እንዳይችል የሚያደርግ ሕግ ነበር። «ከዕዳ ልንጠብቃችሁ ነው» ይሉታል፤ ሥራው ግን አፍሪካዊው ዕቃ በጅምላ በዱቤ አንስቶ መነገድ እንዳይችል ማድረግ ነው። ንግድ ያለ ዱቤ ምን ይሆናል? ነጩ ገበሬ ራሱ እኮ እህሉ እስኪሸጥ ድረስ በዱቤ ነበር የሚኖረው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእህል ዋጋ ወድቆ፣ አንበጣም ተጨምሮበት፣ ብዙ ገበሬ መክፈል ሲያቅተው ባለሱቁ መዝገቡን ይዞ ጠብቋል። መንግሥት ለነጮቹ በ1931 የመሬት ባንክ አቋቋመላቸው። ለባለሱቁም ለአፍሪካዊውም እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ከሌስተር፦

እኔ እንግሊዝ ሌስተር ነው የምኖረው። የሥራ ባልደረባዬ አያት ቶምሰንስ ፎልስ (የዛሬዋ ኒያሁሩሩ) ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለገበሬው ካኪ ሱሪ ይሰፋሉ፣ ለሠራተኛው ኮትና ቁምጣ፣ በረንዳው ላይ አንድ የእግር መኪና አስቀምጠው። እንደ ባልደረባዬ አባባል ልጆቹ ስዋሂሊ የለመዱት ከደንበኛ ነው። በ1967 የንግድ ፈቃድ ሕግ ወጥቶ ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚነግድበት ቦታና ዕቃ ሲገደብ ሱቁን ዘጉ። እንግሊዝ በመጋቢት 1968 እንደ እነሱ ላሉት ስደተኞች በሩን ከመዝጋቷ በፊት ቤተሰቡ በጥድፊያ ወጣ። የኬንያ ዜግነት የወሰዱት ግን ብዙዎቹ ቀርተዋል፣ ዛሬ ናኩሩ የምታያቸው የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ሱቆች አንዳንዶቹ የእነሱ ናቸው።

መንገደኛው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የተማርኩት። አስቴር፣ ስለ ዱቤው ሕግ ያልሽው ከቶ አላሰብኩትም ነበር። የአንድን ከተማ ሱቆች ታሪክ በዝርዝር ለማየት ከየት ልጀምር?

የታሪክ ወዳጅ፦

ናይሮቢ መሃል ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሂድ፣ ሕንፃው ራሱ ድሮ የባንክ ነበር። ከዚያ በፊት ግን የኬንያ ጋዜት የተባለውን የመንግሥት ማስታወቂያ ጋዜጣ የድሮ እትሞች ኢንተርኔት ላይ አገላብጥ፣ በነፃ ይገኛሉ። የከተማ ቦታ ሐራጅ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የኪሳራ ማስታወቂያ፣ የሟች ንብረት ሁሉ እዚያ ታትሟል። ግንባሩ ላይ ያየኸውን ስምና ዓመት ይዘህ ብትፈልግ ይቀልሃል።

አስቴር ዘናይሮቢ፦

ሽማግሌዎችንም ጠይቅ እንጂ። የቀጥቃጩ ረዳት ስም ጋዜት ላይ አይወጣም።