«ሪስታርት አድርግ» እያለ ለሚነዘንዝ የቤት ኮምፒውተር የትኛው መላ ይሻላል?

እህቴ የሰው ሒሳብ ቤቷ ሆና ትሠራለች። ወር መጨረሻ ላይ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከፍታ፣ ደረሰኝ ደርድራ እስከ ሌሊት ትቆያለች። አንድ ማታ የስልኳን ሆትስፖት ከላፕቶፑ ጋር እንዳገናኘች እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ስትነሳ ለሳምንት የገዛችው ጥቅል ሙልጭ ብሏል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ «ሪስታርት» የሚል መልእክት ተደቅኗል። «ይሄን ነገር ነቅሎ የሚጥልልኝ ሰው ፈልግልኝ» ብላ ደወለችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ይህንኑ ጠይቆኛል። የሞከርኳቸውን መላዎች አወዳድሬ ልንገራችሁ። ጥቅሏን የጨረሰውም «ሪስታርት» (አጥፍተህ አብራ) የሚለውም የዊንዶውስ አፕዴት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱን የሚያድስበት ነገር ነው። ከወዲሁ የምለው አፕዴቱን አትንቀሉት ነው። መቼ እንደሚወርድና በየትኛው ዳታ እንደሚወርድ ግን እናንተ ወስኑለት።

በመጀመሪያ የሚነዘንዛችሁ ማን እንደሆነ ለዩ። ትክክለኛው የዊንዶውስ አፕዴት ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ብሮውዘር ላይ ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያድሱ» የሚለው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ፊልም ወይም መጽሐፍ ስታወርዱ «አሎው» ብላችሁ የፈቀዳችሁለት ድረ ገጽ ነው የሚልከው። ክሮም ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ግቡና የማታውቁትን ስም ሁሉ አስወግዱ። «ፍላሽ ፕሌየር አድስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ለአንድ አፍታም አትጠራጠሩ፣ ውሸት ነው። አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን መደገፍ ያቆመው በፈረንጆች 2020 መጨረሻ ነው። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ተጭኖ የሚመጣው የሙከራ ጸረ ቫይረስም ጊዜው ሲያልፍ «ክፈሉ» እያለ ይጨቀጭቃል። እሱን አጥፉት። የዊንዶውሱ የራሱ መከላከያ ለቤት ሥራ ይበቃል።

ወደ ትክክለኛው አፕዴት ስንመጣ፣ በጥቅል ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ከሁሉም በፊት የምጠቁመው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚባለውን ነው። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኛችሁበት ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አለ። ስታበሩት ኮምፒውተሩ «ይህ ዳታ ተቆጥሮ የሚከፈልበት ነው» ብሎ ይይዝና አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ማውረድ ያቆማል። ደስ የሚለኝ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ለብቻው መሆኑ ነው። የስልካችሁን ሆትስፖት ሚተርድ አድርጋችሁ የቤቱን ዋይፋይ ነጻ መተው ትችላላችሁ። የእህቴ ችግር ግማሹ በዚህች አንዲት ማብሪያ ተቃለለ።

ቀጥሎ «ፖዝ» አለ። ዊንዶውስ አፕዴት ገጹ ላይ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። እስከ 5 ሳምንት ድረስ ያቆይላችኋል። ፈተና ላለበት ተማሪ፣ ሒሳብ ለሚዘጋ ሰው ፍቱን ነው። ጊዜው ሲያልቅ ግን መጀመሪያ አፕዴት ካላደረጋችሁ እንደገና አያቆምላችሁም። ማይክሮሶፍት ወርሃዊውን የደኅንነት አፕዴት የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ቀኑን ካወቃችሁ ዳታችሁን አስቀድማችሁ ታዘጋጃላችሁ።

በሥራ መሀል ሪስታርት እንዳያደርግባችሁ ደግሞ «አክቲቭ አወርስ» የሚለው ላይ የምትሠሩበትን ሰዓት ሙሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እህቴ ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት 2 ላይ አድርጋው፣ ኮምፒውተሩ ሌሊት 8 ሰዓት ብሎ ይዞት አገኘሁት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንዳይነካችሁ ከፈለጋችሁ ከ7 ኤኤም እስከ 12 ኤኤም ብላችሁ ሙሉ። ቢበዛ 18 ሰዓት ይፈቅዳል። ማሳወቂያውን ብቻ ማጥፋት ግን አልመክርም። መልእክቱ ይጠፋል እንጂ ሪስታርቱ አይቀርም፣ ሳታስቡት ይመጣባችኋል።

ቤት ውስጥ ያልተገደበ መስመር ካላችሁ ነገሩ በጣም ይቀላል። የኢትዮ ቴሌኮም የቤት ብሮድባንድ ያለው ጎረቤቴ ስለ ዳታ አያስብም፤ እሱን የሚያሳስበው ሪስታርቱ ብቻ ነው። በስልክ ጥቅል ለምትሠሩ የሌሊት ጥቅል ይሻላችኋል፤ አፕዴቱን ለዚያ ሰዓት አቆዩት። ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ያለበት ቤት ደግሞ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን ከፍታችሁ በቤት ኔትወርክ ብቻ ላይ አድርጉት። አንዱ ያወረደውን ሌላው ከሱ ይወስዳል፣ ዳታ ሁለቴ አትከፍሉም።

ሱቅ ወስጄ ላሠራው ለምትሉ። መርካቶም መገናኛም ቦሌም እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉ። ግን ብዙዎቹ «አፕዴት አስቸገረኝ» ስትሏቸው ከሥሩ ዘግተው ይመልሱላችኋል። የአንድ ዘመዳችን ኮምፒውተር እንዲህ ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ሲሰኩበት ቫይረስ ገብቶ ፋይሉ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለወጠ። የልጆቹ የልደት ፎቶ የት እንደገባ ለማግኘት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። በ2009 ዓ.ም ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍም መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ በአፕዴት ተለቆ ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ዘንድ ከሄዳችሁ «አፕዴቱ የሚመጣበትን ሰዓት አስተካክልልኝ፣ ግን አትዝጋው» በሉት። ፋይላችሁን ቀድማችሁ ገልብጡ። ዋጋውንም ሳይጀምር ተነጋገሩ። ከቻላችሁ ቤት መጥቶ አጠገባችሁ የሚሠራ ሰው ምረጡ፤ በሚቀጥለው ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

«ዊንዶውስ አፕዴት ብሎከር» የምትባል ነጻ ፕሮግራም አለች። በአንድ ጠቅታ ሁሉንም ትዘጋለች፣ በአንድ ጠቅታ ትከፍታለች። ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። ችግሩ ሰው መዝጋቱን አስታውሶ መክፈቱን መርሳቱ ነው። እኔ የምመርጠው «ኢንኮንትሮል»ን ነው። ያላችሁበት የዊንዶውስ ቨርዥን ላይ ትቆልፋችሁና ወርሃዊውን የደኅንነት አፕዴት ትተዋለች። ጊጋባይት የሚበላው ትልቁ ለውጥ ሳትፈልጉ አይመጣባችሁም።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ሰዎች የሚወጣባችሁ መልእክት ሌላ ነው። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች አይችሉትም። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የደኅንነት አፕዴት የሚያገኙበት ምዝገባ ግን አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካደረጋችሁ በነጻ ነው፣ ካልሆነ 30 ዶላር ይጠይቃል። ምዝገባው አፕዴት ገጹ ላይ ይወጣል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ። አፕዴት መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ በግድ ሪስታርት አያደርግም። ፒችትሪ ወይም ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው) ላይ የቆመ ሥራ ያላችሁ ግን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ቆዩ፤ የተሠሩት ለእሱ ነው።

እህቴ አሁን አፕዴቱን የምታደርገው የወሩን ሒሳብ ባስገባች ማግስት ነው። ቻርጀሩን ትሰካለች፣ መብራት ቢሄድ እንኳ ባትሪው እንዲያደርሳት ሙሉ መሆኑን ታያለች። መቶኛው 30 ላይ ቆሞ የቀረ ቢመስላትም ማጥፊያውን አትነካም። ቡናዋን እስክታፈላ ይጨርሳል።