ሰርቫይቪን የሕዋስን ሞት ያግዳል ወይስ የሕዋስን ክፍፍል ይመራል? እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የባዮኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ማክሰኞ ሰርቫይቪን ስለተባለው ፕሮቲን ለክፍል ጓደኞቼ ገለጻ አቀርባለሁ፤ ሦስት ሌሊት ሙሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁ።

ፕሮቲኑ በ1997 ሲታወቅ የሕዋስን የታቀደ ሞት ከሚያግዱት ፕሮቲኖች ቤተሰብ ተመደበ። ትንሽ ነው፤ 142 አሚኖ አሲዶች ብቻ። በአብዛኛው ጤናማ የአዋቂ ሰው አካል ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ግን በብዛት ይታያል። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው።

ግራ የገባኝ ፊቴ ያለውን፣ በመከፋፈል ላይ ያለ ሕዋስ የሚያሳይ የአጉሊ መነጽር ምስል ሳይ ነው። ክሮሞሶሞቹ በሕዋሱ ወገብ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሰርቫይቪን በየሴንትሮሜሩ (የክሮሞሶሙ ሁለት ቅጂዎች በሚያያዙበት ቦታ) ላይ እንደ ነጠብጣብ ያበራል። በቀጣዩ ምስል ክሮሞሶሞቹ ወደ ሁለት ጎን ሲሳቡ እርሱ መሐል ላይ ይቀራል። አውሮራ ቢ፣ ኢንሴንፕና ቦሪያሊን ከተባሉት አጋር ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ክፍፍሉን እየመራ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሞትን የሚያግደው የቱ ጋ ነው? ካስፔዞችን (የሕዋስን ሞት የሚያስፈጽሙትን ኢንዛይሞች) ራሱ ከመዝጋት ይልቅ እነርሱን የሚዘጋውን ኤክስአይኤፒ የተባለ የቤተሰቡን ፕሮቲን በማጽናት ነው የሚል ማብራሪያም አንብቤአለሁ።

በዕጢ ውስጥ የሚበዛው ሕዋሳቱ ሞትን ስለተቋቋሙ ነው ወይስ ብዙዎቹ በክፍፍል ላይ ስለሆኑ ብቻ? ሰርቫይቪን ሲወገድ የሚሞት ሕዋስ ክፍፍሉ ተበላሽቶ መሞት አለመሞቱን የሚለይ ሙከራ የምታውቁ መምህራን፣ እባካችሁ አስረዱኝ። አክስቴን በጡት ካንሰር አጥቻለሁና ይህን ነገር አድበስብሼ ማለፍ አልፈልግም።