«ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን ቤት ውስጥ ለማየት የትኛው እትም ይሻላል?

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ባለው ቤታችን የሚገኘው የዳይሬክተሩ የዴቪድ ሊን «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» የድሮ የቪዲዮ ካሴት ነው። አባቴ ፊልሙን በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ስላዩት፣ ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር «የበረሃው ስፋት የት ሄደ?» እያሉ ያዝናሉ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ፣ ለመጪው በዓል ወደ አገር ቤት ስገባ ጥሩ ቅጂ ልወስድላቸው አስቤአለሁ። ሆኖም ዲቪዲ፣ ብሉሬይና ፎር ኬ እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ነው። አንዱ ሽፋን 227 ደቂቃ ሲል ሌላው 218 ስለሚል፣ የተቆረጠ ቅጂ እንዳልገዛም እሰጋለሁ። ምክራችሁን እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የካሜራ ዓይን

አባትዎ ያሉት ትክክል ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ65 ሚሊሜትር ፊልም ሲሆን የምስሉ ስፋት የቁመቱን 2.2 እጥፍ ያህላል፤ የድሮው ቴሌቪዥን ስክሪን ስፋት ግን የቁመቱ 1.33 እጥፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስክሪኑ እንዲሞላ ሲባል ግራና ቀኙ በተቆረጠ ካሴት ላይ ከምስሉ 40 በመቶ ያህሉ አይታይም። ኦማር ሻሪፍ የሚጫወተው ሸሪፍ አሊ ወደ ውኃ ጉድጓዱ የሚመጣበትን ትዕይንት ያስታውሱ። የካሜራ ባለሙያው ፍሬዲ ያንግ ይህን የቀረጸው ፓናቪዥን ባዘጋጀው ባለ 482 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ ሰውየው መጀመሪያ በሙቀቱ ጭልጭልታ ውስጥ እንደ ነጥብ ይታይና ቀስ እያለ የግመልና የጋላቢ መልክ ይይዛል። በካሴት ጥራት ያ ነጥብ ከነጭራሹ ስለማይለይ፣ ተመልካቹ ሎውረንስና መንገድ መሪው ምን እንደሚያዩ ሳያውቅ ይጠብቃል። የትዕይንቱ ኃይል ሁሉ ያለው ደግሞ በዚያ ነጥብ ላይ ነው። በእኔ እምነት በምስል ጥራት ከብሉሬይ በታች ያለውን፣ ማለትም ዲቪዲውን፣ መግዛት አይገባዎትም።

መልስ፦ ማኅደር

ስለ ርዝመቱ ልጨምር። ፊልሙ በታኅሣሥ 1962 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲመረቅ 222 ደቂቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 20 ደቂቃ ያህል ተቆረጠለት፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም እንደገና ተቀንሶ 187 ደቂቃ ቀረ። የፊልም እድሳት ባለሙያው ሮበርት ሃሪስ የተጣሉትን ክፍሎች ፈልጎና አሰባስቦ በ1989 እ.ኤ.አ. ፊልሙን መልሶ ሲያቀናጅ፣ ዴቪድ ሊን ራሳቸው በሕይወት ስለነበሩ አርትዖቱን አብረው ሠርተዋል። ከተገኙት ትዕይንቶች አንዳንዶቹ ድምፅ ስላልነበራቸው ተዋናዮቹ ፒተር ኦቱል፣ አሌክ ጊነስና አንቶኒ ኩዊን ከ25 ዓመት በላይ ቆይተው የራሳቸውን ንግግር ዳግም ቀርጸዋል። ጃክ ሆኪንስ በ1973 ስላረፈ የእሱን ድምፅ ቻርልስ ግሬይ ተካው። እኔ ይህን ሥራ ከፊልሙ ታሪክ እኩል የማከብረው ነው።

227 ደቂቃ የሚለው እትም ይህ የታደሰው ሲሆን፣ የመግቢያው፣ የዕረፍቱና የመውጫው ሙዚቃ ተጨምሮበት ነው። 218 የሚለውም ብዙውን ጊዜ አልተቆረጠም፤ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጁ ዲቪዲዎች በሰከንድ 24 የነበረውን ምስል በ25 ስለሚያጫውቱ፣ ፊልሙ በ4 በመቶ ፈጥኖ ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ የካሜራ ዓይን

ለ2012ቱ ብሉሬይ ዋናው ኔጋቲቭ (በካሜራው ውስጥ ያለፈው ፊልም ራሱ) ከፎር ኬ በላቀው በ8 ኬ የምስል ጥራት ስካን ተደርጎ እድሳቱ በፎር ኬ ተሠርቷል። በበረሃው ሙቀት ኔጋቲቩ ላይ የተፈጠሩት ቀጫጭን ስንጥቆችም በዲጂታል መንገድ ተጠግነዋል። የፎር ኬው እትም በ2020 ወጥቷል፤ ፊልሙ በሁለት ዲስክ ስለተከፈለ ለዕረፍቱ ዲስክ ይቀየራል።

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሜሪካ የተገዛ ዲስክ አዲስ አበባ ባለ ማጫወቻ ይሠራ ይሆን?

መልስ፦ ሽቦ

ይህን አስቀድመው ማጣራትዎ መልካም ነው። ዲስኮችና ማጫወቻዎች ለተወሰነ የዓለም ክልል ብቻ እንዲሠሩ ሊገደቡ ይችላሉ። በዲቪዲ የክልል አከፋፈል አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ናት፤ በብሉሬይ ደግሞ አሜሪካ «ኤ»፣ አፍሪካ «ቢ» ስለሆነች የክልል ገደብ ያለበት ዲስክ እዚያ ላይከፈት ይችላል። የፎር ኬ ዲስክ ግን የክልል ገደብ የለበትም። የአባትዎ ቴሌቪዥን ፎር ኬ ከሆነ እሱን ይምረጡ፤ ካልሆነ ብሉሬዩን ከነማጫወቻው ከአንድ አገር ይግዙ። ማጫወቻውን ከአሜሪካ የሚወስዱ ከሆነ ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ያረጋግጡ፤ በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የአገር ቤቱ 220 ቮልት ያቃጥለዋል።