የዱካቲ 125 ስፖርት ሮንዴላዎች ተደባልቀውብኛል፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚላኖ ነው፤ በቅርቡ አሮጌ ዱካቲ 125 ስፖርት ሞተርሳይክል ገዝቼ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ፈታሁ። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ከሚያዞሩት ሾጣጣ ጥርሶች ሥር የነበሩትን፣ ክፍተት የሚያስተካክሉትን ስስ ሮንዴላዎች ግን የትኛው ከየት እንደ ወጣ ሳልጽፍ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው። ጥፋቱ የራሴ ነው። (ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ሮንዴላ የሚሉትን ቃላት ከአዲስ አበባ ጋራዥ ይዤ መምጣቴ የመለዋወጫ ሻጩን ሁልጊዜ ያስቀዋል።)

እንደምታውቁት ይህ ሞተር ካምሻፍቱን የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በስተቀኝ በቆመ ዘንግ ነው፤ ከዘንጉ ታችና ላይ አንድ አንድ ጥንድ ሾጣጣ ጥርስ አለ። አሠራሩ የዱካቲው መሐንዲስ ፋቢዮ ታሊዮኒ በ1955 እ.ኤ.አ. ለሞቶጂሮ (የጣሊያን የሞተርሳይክል የመንገድ ውድድር) ካዘጋጃት «ማሪያና» ከምትባል ሞተርሳይክል የመጣ ነው። እሷ 98 ሲሲ ብቻ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ጂያኒ ዴሊ አንቶኒ የተባለው ተወዳዳሪ በእሷ የ100 ሲሲውን ምድብ አሸነፈ። ያንን ዘር በእጄ ይዤ በሮንዴላ መሸነፌ ያናድዳል።

አሁን ገጣጥሜ በእጅ ሳዞረው አንድ ቦታ ላይ ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ጥርሶቹን ቀለም ቀብቼ አሻራቸውን ስመለከት የሚነካካው ጫፋቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የማስተካክለው የታችኛውን ጥንድ ነው ወይስ የላይኛውን? አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ከብረቱ ዘንግ ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ምን ያህል ክፍተት ልተውለት? ቴስታታውን ያለ ጉርኒሲዮን (ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ) አስሬ ብለካስ ያሳስተኛል?