ጅማ ላይ ቤት ልገዛ ነው፤ ደላላው ባለቤቱን አላገናኝም አለኝ

አዲስ ገዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጂፕ አካባቢ በኪራይ 6 ዓመት ኖርን። አሁን ትንሽ ቋጥረናል። አንድ ደላላ ቦሳ ኪቶ ሦስት ክፍል ቤት አሳየን፣ ጓሮው አቮካዶ አለው፣ ሚስቴ አቮካዶውን ካየች ወዲህ ሌላ ቤት እንይ ስላት አትሰማኝም። ደላላው ግን ባለቤቱን ሊያገናኘን አልፈለገም። "ዛሬውኑ 200 ሺህ ቀብድ ጣል፣ ከአዲስ አበባ ገዢ እየመጣ ነው" ይላል። ኮሚሽን ከኔም ከሻጩም 2 ፐርሰንት። ምን ትላላችሁ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሃሃ፣ ያ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰውዬ እኔም ስገዛ እየመጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው፣ እስካሁን አልደረሰም። ባለቤቱን ሳታይ ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጥ። የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ዋጋው ላይ ስለጨመረ ነው፣ የኔው ደላላ እኔ ላይ 300 ሺህ ጭኖ ነበር፣ ከሻጩ ጋር ሻይ ስንጠጣ ነው የወጣው። 2 ፐርሰንቱ የተለመደ ነው፣ ግን ድርድር አለው። ክፍያውም ስም ሲዞር ይሁን።

እሙ ሰሚራ፦
ወንድሜ፣ ደላላ ቤት ያሳያል እንጂ ወረቀት አያጣራልህም። የካርታውን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን እይ። ከዛ ሻጩን ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ፣ እግድ ይኑርበት፣ ባንክ ተይዞ ይሁን፣ ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ ይኑረው ጠይቅ። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ አንተ የምትገዛው ቤቱንና ይዞታውን ነው። ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ካላነበብከው የሚያነብልህን ሰው አንተ ምረጥ፣ ደላላው አይምረጥልህ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። እኛ የውርስ ቤት ገዝተን ሁለት ወንድማማቾች ፈረሙልን፣ እህታቸው በኋላ ብቅ አለች። ፍርድ ቤት ስንመላለስ ዓመት ከመንፈቅ።

ዝናብ አይቼ፦
ሁላችሁም ወረቀት ወረቀት። ጅማ እኮ ነው፣ ዝናቡንስ? አዌቱ ወንዝ ዳር አንድ ቤት በታኅሣሥ አየሁ፣ ደረቅ፣ ንጹህ። ግድግዳው ግን አዲስ ቀለም የተቀባው እስከ ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነው። ደላላው "ልጆች አቆሽሸውት ነው" አለኝ። አጥር ለአጥር ያሉትን እማማ ቡና ሲወቅጡ አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። "ሐምሌ ላይ ና ልጄ፣ ቦቲ አድርገህ" አሉኝ።

አዲስ ገዢ፦
ኧረ ተባረኩ። ቀብድ ከሰጠሁ በኋላ ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

የሂርማታ ልጅ፦
የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ አለ፣ ሰጪው ከቀረ ቀብዱን ይተዋል፣ ተቀባዩ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል። ግን በጽሑፍ ሻጩ ራሱ ፈርሞ ይቀበል፣ ደላላ ኪስ ለገባ ብር ሻጩን ምን ብለህ ትይዘዋለህ? ደግሞ የቴምብር ቀረጡ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ እናድርግ ካሉህ እምቢ በል። ነገሩ ቢበላሽ እጅህ ላይ ያለው የተጻፈው ብቻ ነው።

አዲስ ገዢ፦
ነገ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። አቮካዶው ከመንገድ ይታያል።

እሙ ሰሚራ፦
ሂድ። ከገዛህ ግን የደላላውን እንዳትክደው፣ ቤቱን ያሳየህ እሱ ነው።